ያልተነፋው እምቢልታ

አንድ እምቢልታ ነፊ ነበረ። ጸጉሩ ሸብቷል፤ ሁለት ልጆቹን ድሮ የቀረችው የመጨረሻዋ ሴት ልጁ ነበረች።

ጥያቄሽን ዘልዬው አይደለም፣ ማኅደር። ሰምቼዋለሁ። «ጋሼ፣ ጭንቅላቴ ውስጥ የምሰማው ነገር ሙዚቃ ነው ወይስ አንጎሌ የሚያሰማው ጫጫታ?» አልሽኝ። ጋደም ስትዪ ይመጣል፤ ክራሩን ስታነሺ ይጠፋል፤ ጣቶችሽ የለመዱትን ዜማ ብቻ ይደጋግማሉ። የመመረቂያ ሥራሽን የምታቀርቢበት ጊዜ ደርሷል፣ እጅሽ ላይ ግን ምንም የለም። ትምህርት ቤታችሁ መጥቶ ስለ አንጎል ያስተማራችሁ ሐኪም የተናገረው ደግሞ ጭራሽ አስደነገጠሽ፤ ትምህርቱን ልተወው ነው ብለሻል። ይህን ሁሉ ከበሩ ሳትርቂ ቆመሽ ነው የነገርሽኝ። እኔ ቆሞ ለሚያናግረኝ ሰው መልስ የለኝም። አሁን ስለተቀመጥሽ ልቀጥል።

እምቢልታ ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ ብዬ ነው የማወራሽ። ግን ዋሽንት የሚመስለው ብዙ የከተማ ልጅ ስላለ እነግርሻለሁ። እምቢልታ ረጅም የቀርከሃ ቱቦ ነው። ጣት የሚያርፍበት ቀዳዳ የለውም። አንዱ እምቢልታ የሚያወጣው አንድ ድምፅ ነው፣ ቢበዛ ሁለት። ስለዚህ ሦስት ሰዎች ትልቅ፣ መካከለኛና ትንሽ እምቢልታ ይዘው ይቆማሉ። አንዱ ሲነፋ ሌሎቹ ዝም ይላሉ፤ እየተቀባበሉ ነው የሚነፉት። ዜማው የሚወጣው ከሦስቱ ተሰብስቦ ነው። አንዱ ብቻውን ሲነፋ ብትሰሚው ላም ጠፍታበት የሚጣራ ሰው ነው የሚመስልሽ።

የዚያ ሰውዬ አገር ሰዎች አንድ ልማድ ነበራቸው። ሙሽራ ከአባቷ ቤት የምትወጣው በእምቢልታ ነው። ዜማው ደግሞ አዲስ መሆን አለበት፤ ለእሷ ብቻ የተሠራ፣ ሌላ ሙሽራ ወጥታበት የማታውቅ። አንዲት ሙሽራ በሌላዋ ዜማ ከወጣች «በውሰት ወጣች» ይሏታል። ይህ ስም እስክታረጅ አይለቃትም። ከባሏ ጋር ቃል በተመላለሰች ቁጥር፣ ወጡ ጨው በበዛበት ቁጥር አማቶቿ ያነሱባታል። ክፉ ልማድ ነው። ክፉ መሆኑን ሁሉም ያውቃል፣ ለመተው ግን ቀድሞ የሚነሳ አልነበረም።

ለአገሩ ሙሽሮች ሁሉ ዜማ የሚያመጣው ይህ ሰውዬ ነበር። ትልቁን እምቢልታ የሚነፋው እሱ ነው። መካከለኛውን የሚነፋው ጎረቤቱ ሸማኔው ነው፤ ትንሹን የሚነፋው የእህቱ ልጅ ነው፣ እሱም ወልዶ የከበደ ጎልማሳ። ሦስቱ አብረው ከመንፋታቸው ብዛት መንገድ ሲሄዱ እንኳ እግራቸው እኩል ይነሳ ነበር። ሠርግ ሲቃረብ ሰውዬው እምቢልታውን ይዞ ወደ ጓሮ ይሄዳል፣ ሲነፋ ይውላል፣ ሲመለስ አዲስ ዜማ ይዞ ነው። «ከየት አመጣኸው?» ሲሉት እምቢልታውን መታ መታ እያደረገ «ከዚህ ነዋ» ይላቸዋል። ሊቀልድ አልነበረም። ዜማው ቀርከሃው ውስጥ የተቀመጠ፣ እሱ በትንፋሹ እየገፋ የሚያወጣው ይመስለው ነበር።

አንድ ክረምት ደረቱን አመመው። ተኝቶ ከረመ። መስከረም ሲጠባ ተነሳ፤ ትንፋሹ ግን አብሮት አልተነሳም። እምቢልታውን አፉ ላይ አድርጎ ሲነፋ የሚወጣው ሽውታ ብቻ ሆነ። ድምፁም ሄዷል፤ የሚናገረው በሹክሹክታ ነው፣ ላንጎራጉር ካለ ሳል ያፍነዋል። የልጁ ሠርግ ደግሞ ለጥር ተቆርጧል። ሽማግሌዎች ቃል ተቀባብለዋል፣ ጌሾው ተወቅጧል፣ የሚቀለበስ ነገር የለም።

የሰውን ልጅ ሁሉ በአዲስ ዜማ ሲያስወጣ የኖረ ሰው የገዛ ልጁን በውሰት ሊያስወጣ ነው። አንድ ቀን ልጅቱ ውሃ ስታቀብለው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። የተቆጣት መስሏት ደነገጠች። ሊያያት አፍሮ ነበር።

ሦስቱ ተመካከሩና በሰውዬው ፈንታ የሚነፋ ሰው ፍለጋ ጀመሩ። የተሳሳቱትም እዚህ ላይ ነው፤ እምቢልታ ነፊ ብቻ የሚሳሳተው ስህተት ነው። ትልቁ እምቢልታ ትንፋሽ ይበላል፣ የታመመባቸውም ሰው ያጣው ትንፋሽ ነው፣ ስለዚህ የፈለጉት ትንፋሽ ሆነ። እነፋለሁ ያለውን ሁሉ ከወንዙ ማዶ አቁመው አስነፉት፤ እነሱ ከዚህ ማዶ ተቀምጠው አዳመጡ። ድምፁ ጎልቶ የተሰማ ሰው ይያዛል ተባለ። የተያዘው የዕድሩ ጥሩንባ ነፊ ነበር።

ይህ ሰው ሥራው ሰው ሲሞት ገና ጎህ ሳይቀድ እየዞረ ጥሩንባ መንፋት ነው። ደረቱ የወናፍ ያህል ነው። የሙሽራዋ እናት ማን እንደተመረጠ ስትሰማ እጇ ላይ የነበረውን ሰፌድ አስቀመጠች።

«አገር ምድሩ ላይ ሌላ ሰው ጠፍቶ ነው? የሞት ጥሩንባ የሚነፋ ሰው ነው ልጄን ከቤቷ የሚያስወጣት?»

ጥሩንባ ነፊው ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ነበርና ሁሉንም ሰምቷል። ብድግ አለ።

«እትዬ» አላት፣ «እኔ በነፋሁ ቁጥር ሰው ደረቱን እየደቃ ነው የሚወጣው። ልጆች እንኳ ሲያዩኝ ይሸሻሉ። አንዴ ነፍቼ ሰው ሲስቅ ልይ ብዬ ነው የመጣሁት። አይከልክሉኝ።»

ሴትዮዋ ሰፌዱን መልሳ አነሳች። «ግባ እንግዲህ፣ ደጅ ላይ አትቀመጥ» አለችው።

ልምምዱ ተጀመረ። ጥሩንባ ነፊው ድምፁ ያማረ ነበር፤ ማንም የሚያወጣለት እንከን የለም። ችግሩ መዘግየቱ ነው። ሸማኔው ነፍቶ ሲያቆም ጥሩንባ ነፊው መቀበል አለበት። ይቀበላል፤ ግን ሲቀበል ቦታው አልፏል፣ የእህት ልጅ ገብቷል፣ ሁለቱ በር ላይ እንደተጋጩ ሰዎች ይሆናሉ። ሸማኔው ቦታው ሲደርስ በእግሩ መሬቱን ይመታለት ጀመር። ባሰ። አሁን ደግሞ ሁለት ነገር መጠበቅ ሆነበት።

«ምንድን ነው የሚያዘገይህ?» አለው የእህት ልጅ፣ ትዕግሥቱ አልቆ።

«እኔ እንጃ» አለ ጥሩንባ ነፊው። «ጆሮዬን ጥዬ ነው የማዳምጠው። ልክ ሸማኔው ሲያቆም ስሰማ እነፋለሁ።»

ታማሚው ሰውዬ ቁርበት ላይ ተቀምጦ ያያቸው ነበር። ይህን ሲሰማ አንድ ነገር ከነከነው። «እኔስ?» ብሎ ራሱን ጠየቀ፣ «እኔ ስነፋ ሸማኔው ሲያቆም ሰምቼ ነበር እንዴ የምነፋው?» አሰበ፤ እንደዚያ አድርጎ አያውቅም። ሸማኔው ገና ሳይነፋ የሸማኔው ድምፅ እሱ ጭንቅላት ውስጥ ተነፍቶ ያበቃ ነበር። የእህቱ ልጅም እንደዚያው። ሦስቱም ውስጡ ቀድመው ይነፋሉ፤ ጆሮው የሚያመጣለት ወሬ ሲደርስ ያረጀ ወሬ ነው። ዕድሜውን ሙሉ ሲያደርገው የኖረውን ነገር ያወቀው የማይችል ሰው ሲያይ ነው።

«ስትሰማ ነው የምትነፋው» አለው በሹክሹክታ፤ «ለዚያ ነው የሚያልፍህ።»

«ታዲያ ሳልሰማ ልንፋ፣ አባባ?»

«ሳትሰማስ አይሆንም። ቀድመህ ስማ።»

«ያልተነፋ ነገር እንዴት ብሎ ይሰማል?»

ሰውዬው ጣቱን ወደ ጆሮው አነሳና መልሶ አወረደው። እውነቱን ነው የምልሽ፣ እኔም ተማሪ ሲጠይቀኝ መልስ የለኝም። የሚሆን ነገር ነው፤ እንዴት እንደሚሆን ግን አፍ አውጥቶ ለመንገር ያስቸግራል።

መዘግየቱ ሳያንስ ዋናው ነገር ገና አልተነካም፤ አዲስ ዜማ የለም። ሸማኔው ሞከረ። ከእምቢልታው ጋር ሲታገል ሰንብቶ አንድ ነገር ይዞ መጣና ነፉት። ሚስቱ ከአጥር ማዶ ሆና «ይሄማ የእኔ ነው!» አለች፤ እሷ የወጣችበት ነው። የእህት ልጅ ሞከረ፤ የወንዝ ማዶዋ ሙሽራ ዜማ ሆነ። ጥሩንባ ነፊው የሚያውቀው ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ፣ እሱን ማንም አልጠየቀውም። ከንፈራቸው ለምዶት የኖረውን መንገድ ትቶ አልሄድ አለ። የእህት ልጅ በመጨረሻ «ከሁለት ዜማ እየቆራረጥን ብንቀጥልስ? ሰው አይለየውም» አለ። ሰውዬው ራሱን ነቀነቀ። ቢያንስ ሙሽራዋ ትለየዋለች፤ ስለ ዜማ ያስተማራት እሱ ነው።

በነጋታው እምቢልታውን ይዞ ጓሮ ሄደ። ነፋ፤ ሳለ። ነፋ፤ ሳለ። ሚስቱ ሳሉን ሰምታ መጣችና እምቢልታውን ከእጁ ወሰደችው።

«ምን ልታደርግ ነው? ከሠርጉ በፊት ልቅሶ ልታስቀምጠን ነው?»

«ዜማውን ፍለጋ ነው። እዚህ ነበር የማገኘው።»

ሴትዮዋ ሳቀች። በንቀት አልነበረም፤ ረጅም ዘመን አብራው ስለኖረች የምትስቀው ሳቅ ነው።

«እዚህ አግኝተህ አታውቅም» አለችው። «ጓሮ የምትመጣው ካገኘኸው በኋላ ነው። ከዚያ በፊት ያለውን የማየው እኔ ነኝ። ሽሮው ፊትህ ይቀዘቅዛል። ስጠራህ አትሰማም። ስታርስ መሃል ላይ ቀጥ ትላለህ፣ በሬዎቹ ዞረው ያዩሃል። ጉሮሮህ ብቻ ከፍ ዝቅ ይላል፣ ውሃ የምትውጥ ይመስል፤ ድምፅ የለህም። እኔም ልጆቹን ‹ተዉት፣ አባታችሁ እንግዳ አለበት› እላቸው ነበር። ስንት ጊዜ አልኩ መሰለህ።»

«ምነው ታዲያ ነግረሽኝ አታውቂ?»

«የምታውቀው መስሎኝ ነዋ» አለችው። እምቢልታውን ብብቷ ስር አድርጋ ወደ ቤት ገባች።

ሰውዬው እጁ ባዶውን ቀረ። ግንድ ላይ ተቀመጠ። መጀመሪያ የመጡት የድሮዎቹ ነበሩ፤ ያስወጣቸው ሙሽሮች ዜማ ሁሉ። ሊያባርራቸው ሞከረ፣ እየተጋፉ ባሱበት። ተዋቸው። ሲተዋቸው አንድ በአንድ መጡ፣ እያንዳንዱን እስከ መጨረሻው ሰማው፤ አንዳንዱን ሲሰማ የሙሽራዋ ፊት ትዝ ይለዋል፣ አንዳንዷ አሁን አያት ሆናለች። እንዲህ ሲል ቀናት አለፉ። ሚስቱ ምግቡን እያቀረበች የቀዘቀዘውን ታነሳለች፣ አታናግረውም።

ከዚያ ጭር አለ። ሰውዬው ፈራ፤ አለቀልኝ ብሎ አሰበ። ግን ከመቀመጫው አልተነሳም።

ጭር ባለው መሃል አንድ ነገር አስተዋለ። እስከዛሬ በሠራቸው ዜማዎች ሁሉ ትልቁ እምቢልታ የሚገባው መጨረሻ ላይ ነው። ለምን? ትልቁ ብዙ ትንፋሽ ስለሚፈልግ። ነፊው ሌሎቹ ሲነፉ ደረቱን እየሞላ ይቆይና መጨረሻ ላይ ይለቀዋል። ከአባቱም የተማረው እንዲሁ ነው፤ እንዲያ መሆን ያለበት ይመስለው ነበር። አሁን በሚሰማበት ቦታ ግን ደረት የለም። የሚሞላ ነገር የለም፣ የሚደክም ነገርም የለም። ትልቁን አንስቶ መጀመሪያ ላይ አደረገው። ወዲያው የሸማኔው ቦታ ተቀየረ፤ የእህቱ ልጅ ድምፅ ገብቶ በማያውቅበት በኩል ገባ። ሦስቱም አብረው ያልተነፋ ነገር መንፋት ጀመሩ። ሰውዬው እስከ መጨረሻው ሰማው፣ እንደገና ሰማው። ከዚያ ሕፃን ልጅ እንደሚያለቅሰው አለቀሰ፤ ድምፅ ስላልነበረው ማንም አልሰማውም።

ለሌሎቹ እንዴት ያሳልፈው? ማንጎራጎር አይችልም። ሸማኔውንና የእህቱን ልጅ ጠራቸው፣ መሃላቸው ቆመ፣ ትልቁን እምቢልታ አፉ ላይ አደረገ፤ አልነፋም። ድምፁ በሚሰማው ቦታ ላይ ትከሻው ብቻ ከፍ አለ። የሁለቱን ቦታ ደግሞ በጣቱ እየነካ አሳያቸው። ያንን ትከሻ ሁለቱም ከጉርምስናቸው ጀምሮ ያውቁታል። ተደናበሩ፣ ደጋገሙት፣ ያዙት።

ጥሩንባ ነፊው «የእኔን ቦታ እኔ ልንፋዋ» አለ። ሞከረ። ትከሻው ከፍ ሲል ያይና ይነፋል፤ አሁንም ዘገየ። ጊዜ አልቆ ነበር፤ የትልቁ ቦታ በትከሻ ብቻ ሊታለፍ ሆነ። ሰውዬው እጁን ትከሻው ላይ አድርጎ ራሱን ነቀነቀ። «ገብቶኛል» አለ ጥሩንባ ነፊው። ፊቱ ጠቆረ። ሌላ ሰው ቢሆን ተቀይሞ ይሄድ ነበር፤ እሱ ግን ጥግ ይዞ ተቀመጠ፣ በየቀኑም እየመጣ እዚያው ተቀመጠ። የሚነፋው ስለሌለ የሚጠብቀውም አልነበረም። ዝም ብሎ ይሰማል።

የሠርጉ ዕለት ሙሽራው ሚዜዎቹን አስከትሎ መጣ፣ አማቶች ደረሱ። ልጅቱ ካባዋን ደርባ ከደጃፉ ውስጥ ቆመች። ዜማው ሳይጀመር እግሯ የበሩን መድረክ አይሻገርም። ሦስቱ ወጡ። ሰውዬው ትልቁን እምቢልታ ይዞ መሃል ሲቆም አንዳንዱ ከንፈሩን መጠጠ፤ ለወጉ ያህል የያዘው መሰላቸው።

ትከሻው ከፍ አለ። ምንም አልተሰማም። ከዚያ ሸማኔው ገባ፣ ትንሹ ተቀበለ። እንደገና ትከሻው ከፍ አለ፣ እንደገና ምንም፤ ሁለቱ ተከተሉ። አዲስ እንደሆነ ሁሉም አወቀ፣ ግን የሚያነክስ ዜማ መሰለ። ከሙሽራው ወገን አንድ ሽማግሌ ወደ ጎረቤቱ ጎንበስ ብሎ «ያ መሃል ያለው የሚነፋ ነው ወይስ የሚያስነፋ?» አለ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። አጠገቡ የነበሩት ሳቁ። ልጅቱ ከውስጥ ሆና ሳቁን ሰማችው። እግሯ አልተነሳም።

ዙሩ ሲመለስ፣ የሰውዬው ቦታ ላይ፣ ከሕዝቡ መሃል አንድ ወፍራም ድምፅ «እም» አለ። አልዘገየም፣ አልቀደመም፤ ዜማው የጎደለው ቦታ ላይ ልክ ገባ። ሰው ዞር ዞር አለ። ጥሩንባ ነፊው ነበር። ትከሻውን እያየ አልነበረም፣ እግርም እየጠበቀ አልነበረም። ዓይኑን ጨፍኗል፣ እጁ ባዶ ነው። በሚቀጥለው ዙር የሙሽራዋ እናት አብራው «እም» አለች። ከዚያ ጎረቤቶቹ፣ ከዚያ የሸማኔው ሚስት፣ ከዚያ ያ ሽማግሌ ራሱ። ያንን ቦታ ሁሉም እየሰሙት የነበረ ይመስል ሳይነገራቸው ገቡበት። አባትየው አፉ ላይ እምቢልታውን እንደያዘ፣ የእሱ ድምፅ ከሰው ሁሉ አፍ ሲወጣ ሰማ።

ልጅቱ መድረኩን ተሻገረች። እልልታው ቀለጠ። ጥሩንባ ነፊው ዓይኑን ሲገልጥ ዙሪያውን ያለ ሰው ሁሉ ይስቃል፤ የሚያደርገው ቢጠፋው እሱም ሳቀ።

ታሪኩ ይኸው ነው። አሁን ወደ አንቺ ልመለስ።

ሐኪሙ ነገረን ያልሽኝን አስቢው። ሰዎችን አንጎል የሚያነሳ መሣሪያ ውስጥ አስተኝተው የሚያውቁትን ዘፈን ያሰሟቸዋል፣ መሃል ላይ ድምፁን ቆረጥ ያደርጉታል። ጆሮ የሚሰማው የለም፤ አንጎል ውስጥ ያለው ድምፅ የሚሰማበት ክፍል ግን ሥራውን አያቆምም፣ ዘፈኑን ይዞት ይቀጥላል። አንቺ ይህን ሰምተሽ «ለካ የምሰማው ሁሉ አንጎሌ የፈጠረው ነው» ብለሽ ደነገጥሽ። እኔ ስለ አንጎል የማውቀው ራሴን ሲያመኝ ብቻ ነው። ግን ይህ ነገር እውነት ከሆነ እኔን ደስ ነው የሚያሰኘኝ። አንጎልሽ ካልፈጠረው የት ሄዶ ሊፈጠር ኖሯል? ክራሩ እንጨትና ጅማት ነው። ቀርከሃውም ቀርከሃ ነው። ያ ሰውዬ ዕድሜውን ሙሉ ዕቃውን ሲያመሰግን ኖሮ እውነቱን ያወቀው ዕቃው እምቢ ሲለው ነው።

በዚህ ብቻ ግን አትጽናኚ። እጅ አያስፈልግም አላልኩሽም። ሰውዬው ግንድ ላይ ተቀምጦ የሰማውን መስማት የቻለው ዘመኑን ሙሉ ስለነፋ ነው። ጥሩንባ ነፊውም ለእምቢልታ አዲስ ቢሆንም ጥግ ይዞ ሲሰማ ከረመ እንጂ ከመሬት ተነስቶ «እም» አላለም። አንቺም ስንት ዓመት ተጫውተሻል፤ የሚገባው ገብቷል። አሁን የምታደርጊው ግን ሌላ ነው። አንድ ነገር ጭንቅላትሽ ውስጥ ሽው ሲል ተስፈንጥረሽ ክራሩን ታነሻለሽ፣ ጣትሽ ከኋላ እየሮጠ ሊይዘው ይሞክራል፣ ሲደርስ አልፏል። ከዚያ ጣትሽ ባዶውን ላለመመለስ የሚያውቀውን ይዞልሽ ይመጣል። አንቺም ደርቄያለሁ ብለሽ ታለቅሻለሽ። አልደረቅሽም። ጥሩንባ ነፊውን ሆነሻል፤ ከሰማሽ በኋላ ነው የምትገቢው።

እስከ መጨረሻው ስሚው። አንድ ጊዜ ብቻ ሳይሆን ደጋግመሽ፣ ሌላ ዜማ የማይነካው እስኪሆን። መጀመሪያ የሚመጡት የሌሎች ሰዎች ይሆናሉ፤ የእኔም ይኖሩበታል፣ አትፈሪያቸው፣ ሰምተሻቸው ይሂዱ። ከዚያ ጣትሽ ስለማይደርስበት ብቻ ሞክረሽው የማታውቂው ነገር እዚያ ውስጥ ይቻላል። እዚያ የሚደክም ጣት የለም፣ እንዲህ ነው የሚሆነው ብሎ የሚቆጣ አስተማሪም የለም። የምትፈጥሪው እዚያ ነው። ጣትሽ በኋላ ይማረዋል፤ ሲቸግረው ይቸገር እንጂ ይማረዋል።

አሁን የምታስቢውን አውቃለሁ። ዝም ስል ምንም ባይመጣስ ነው የምትይው። ፍርሃትሽ እሱ ነው፤ ወደዚህ በር ሮጠሽ የመጣሽውም፣ ቀን ሙሉ ክራር የምትመቺውም ከዚያ ፍርሃት ለማምለጥ ነው። ምንም ላይመጣ ይችላል፣ አልዋሽሽም። ግን ማኅደር፣ አንቺ እኮ እስካሁን ዝም ብለሽ አታውቂም።